ቀንጃ

«በሬ መጥቷል» አለች ያምሮት፣ በሩን ገርበብ አድርጋ ወደ ጓሮ እያየች። «ከአጥሩ ውጭ ቁሞ ይጣራል።»

ያረጋል ለቤተ ክርስቲያን የሚለብሰውን ነጭ ጋቢ እያጣፋ ነበር። እጁ ቆመ። ድምፁን ከእሷ ቀድሞ ሰምቶታል። ሁለቴ አጠር አጠር፣ አንዴ ረዘም አድርጎ የሚጮኽ በሬ በዚህ አገር አንድ ብቻ ነው። ከበረት ውስጥ የራሱ በሬ ጠቋሬ መለሰለት።

«ክፈችለትና ይግባ» አለ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዳዞረ።

«የማን እንደሆነ አታይም?»

«ክፈችለት አልሁ እኮ!»

ያምሮት ወጣች። የበረቱ መዝጊያ ሲከፈት፣ ሁለቱ በሬዎች ሲተነፋፈሱ፣ መዝጊያው ተመልሶ ሲዘጋ ያረጋል ከቤት ሆኖ ሁሉንም ሰማ። ግን አልወጣም። ያላየሁትን አየህ የሚለኝ የለም ብሎ ነው። የቅኔ አገር ሰው አይደል፤ ቃል መሰንጠቅ ከእናቱ ጡት ጋር የጠባው ነው።

ሊሄዱ ሲሉ የደጁ አጥር ተንኳኳ። የአለበል ሚስት ሸጋዬ ነበረች። እዚህ ደጅ ከቆመች ሁለት ዓመቷ ነው፤ የነጠላዋን ጫፍ በሁለት እጇ ይዛ መሬት መሬት ታያለች።

«እንዴት አደራችሁ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ዳልቻ ጠፍቶብን። ሲነጋጋ ገመዱን በጥሶ ሂዷል። ወዲህ አላያችሁትም?»

ያምሮት ከባሏ ኋላ ቆማ ነበር። ትንፋሿን አንገቱ ላይ ይሰማዋል።

«ዓይኔ አላየውም፣ እትየ ሸጋዬ» አለ ያረጋል።

«ለነገ አንድ ባለ በሬ አግኝተን ነበር፣ ከሽንዲ መንገድ። ዳልቻ ከሌለ ሰውየው ወደ ሌላ ማለፉ ነው። ዝናቡም ዘንድሮ እንደምታየው ዘገየ፤ መሬቱ አንዴ ሳይታረስ ሰኔ ተጋመሰ…» አለችና ሳትጨርሰው ተወችው። «እሽ፤ ብታዩት እንግዲህ።» ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠራረገች ሄደች።

አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ ግማሽ ገበሬ ነው። በሬው ቀንጃ ይባላል። ጎደሎውን የሚሞላለት ሌላ ባለ ቀንጃ ፈልጎ፣ ሁለቱን በአንድ ቀንበር ጠምዶ፣ ዛሬ ያንተን ነገ የእኔን እየተባለ ይታረሳል፤ መቀናጆ ይሉታል። ያረጋልና አለበል አሥራ አንድ ዓመት ተቀናጅተዋል። የአለበል ዳልቻ በቀኝ፣ የያረጋል ጠቋሬ በግራ። በሬዎቹ ከመለማመዳቸው የተነሣ ቀንበሩ ሲነሣ አንገታቸውን ራሳቸው ያቀርቡ ነበር። ያረጋል በዕድሜ ታናሽ ነውና «አያ አለበል» ይለዋል፤ አንዱ ቤት የተጠመቀ ጠላ ሌላው ሳይቀምሰው አይጠጣም ነበር።

ከዚያ የመሬት ልኬታ መጣ። ባለሙያዎቹ መሣሪያቸውን ይዘው ከማሳ ማሳ እየዞሩ፣ ባለድንበሮችን አቁመው፣ «ወሰናችሁ የት ነው?» ሲሉ፣ ያረጋል የብሳናውን ዛፍ አሳየ። ጎረቤቱ እማሆይ ወለተ ሐና፣ ባላቸው ከሞተ ወዲህ ቆብ የጫኑ አሮጊት፣ ግን በመቋሚያቸው ከብሳናው ወዲህ ያለውን የተተከለ ድንጋይ መቱና «ወሰኑ ይኼ ነው» አሉ። በብሳናውና በድንጋዩ መካከል ስምንት ፈር አለ። ስምንት ፈር ምን ይሆናል የሚል ሰው አርሶ የማያውቅ ሰው ነው።

ምስክር ተጠየቀ። መሬቱን ከያረጋል እኩል የሚያውቀው አብሮት ያረሰው ሰው ነውና አለበል ተጠራ። ያረጋል ልቡ ሞላ። አለበል መስቀሉን ከመሳሙ በፊት ያረጋልን አየው፤ ረዥም ጊዜ ነው ያየው። ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ወሰኑ ድንጋዩ ነው። ብሳናው ኋላ የበቀለ ነው» አለ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ «አያ አለበል» የሚለው ጥሪ ከያረጋል አፍ ወጥቶ አያውቅም። «ሰውየው» ነው የሚለው። በገበያም፣ በማኅበርም፣ በለቅሶ ቤትም «በሐሰት መሰከረብኝ» እያለ ሁለት ዓመት አወራ። መቀናጆው ፈረሰ። ያረጋል ጠቋሬን ወንዳወቅ የሚባል ሌላ ባለ ቀንጃ ካለው፣ ፈር መሃል ከሚተኛ በሬ ጋር ጠምዶ አምና በቆሎው ግማሽ ሆነ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው እንዲህ ያለው ሰው ታይቶ ሳይሆን አይቀርም።

እና አሁን ዳልቻ በገዛ እግሩ መጣለት። አልሰረቀ፣ አልነዳ፣ ገመድ አልፈታ። ሁለት ቀን ብቻ ዝም ቢል የሽንዲው ሰው ያልፋል፣ የሰውየው መሬት ጦሙን ያድራል። እሱም ያያታል! ያረጋል ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ይኼን እያሰበ ነበር፤ ደስ ሊለው ሞክሮ እምቢ አለው።

የሰኔ ሚካኤል ነው። ታቦቱ ዑደቱን ፈጽሞ ከገባ በኋላ ቄስ ወልደ ዮሐንስ ከደረጃው ላይ ቆመው ሕዝቡ እንዲቆይ በእጃቸው አመለከቱ። የአብዛኛው የአካባቢው ሰው የነፍስ አባት እሳቸው ናቸው፤ የያረጋልም።

«የአለበል በሬ ጠፍቷል» አሉ። «ግዝት ጣሉልን ብለው ሽማግሎች ለምነውኛል። ግዝት እሳት ነው፤ በዋዛ አይነካም። ስለዚህ እስከ ሠርክ ጊዜ ሰጥቻለሁ። ያየ ይናገር።»

ያረጋል አልደነገጠም። ዓይኑ ንጹሕ ነው።

«የሠርክ ደወል ተደውሎ በሬው ካልተገኘ ግን፣ ያየም፣ በረቱ ያስገባም፣ ሲገባ አይቶ ዝም ያለም ውግዝ ይሁን።»

ሕዝቡ «አሜን» አለ። ያረጋል ከሴቶቹ ወገን ያምሮትን ፈለጋት። ሰው ሁሉ አሜን ሲል የእሷ ከንፈር አልተንቀሳቀሰም። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ አውርዳ ቆማለች።

ከቅጥሩ በር ላይ ያዘችው።

«አንተ አላየኸውም» አለች ቀስ ብላ፣ ሰው እንዳይሰማት። «እኔ ግን አይቸዋለሁ። መዝጊያውንም የከፈትሁት በዚህ እጄ ነው። ማታ ግዝቱ ሲወርድ በማን ላይ ነው የሚወርደው?»

«ያምሮት…»

«ዓይንኽን ጨፍነኽ የእኔን ነፍስ ነው የሰጠኸው። ሁለት ልጅ ወልጄልኻለሁ፤ እንዲህ ታደርገኛለህ አላልሁም።»

መልስ ሳትጠብቅ ቁልቁል ሄደች። ያረጋል ደጅ ላይ ቀረ። ብልጠቱ እሱን ብቻ የሚሸፍን ጋቢ ኖሯል፤ ሚስቱን ብርድ ላይ ትቷታል። ይኼን አለማሰቡ ከሁሉ ይልቅ አሳፈረው።

ቄስ ወልደ ዮሐንስ ደጀ ሰላም ውስጥ ብቻቸውን ተቀምጠው የበዓሉን ዳቦ ይቀምሳሉ። ያረጋል መስቀል ተሳለመና ቁጢጥ አለ።

«አባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነበር። የእኔ አይደለም፤ የሰው ነው።»

«የሰው ከሆነ አትቸኩል፤ ደኅና አድርገኽ ተቀመጥ።»

«አንድ ሰው አለ አሉ። የጠላቱ በሬ ሳይጠራው መጥቶ ደጁ ቆመ። እንግዲህ አልሰረቀም። ምን ዕዳ አለበት?»

«ኦሪት፣ የጠላትኽ በሬ ጠፍቶ ብታገኘው ወስደኽ አስረክበው ትላለች።»

«ጠላትኽ ትላለች? ቃሉ እንዲያ ነው?»

«እንዲያ ነው። ደግሞ በሌላ ቦታ ያንኑ ትእዛዝ ስትደግመው የወንድምኽ በሬ ትላለች።»

«የትኛው ነው ታዲያ? ጠላት ነው ወንድም?»

ቄሱ ከዳቦው ቆርሰው ሰጡት። «በሬው አንድ ነው» አሉ።

ያረጋል ዳቦውን እጁ ላይ ያዘው እንጂ አልጎረሰውም። «እግዚአብሔር ታረቅ ማለት ከፈለገ ታረቅ አይልም? ስለ በሬ ምን አስጨነቀው?»

«ታረቅ ብልኽ ትታረቃለኽ?»

«ያ ሰው… እንጃ፤ እሱ እንኳ አይታረቅም።»

«አየኽ። ልብ በትእዛዝ አይዞርም። እግር ግን ሂድ ሲሉት ይሄዳል። ሕጉ የሚቻለውን ነው ያዘዘው፤ እግሩን ከጠላቱ ደጅ ያድርስ፣ የቀረውን የሕጉ ባለቤት ያውቃል። በሬማ መንገዱ አይጠፋውም፣ ልጄ። መንገድ የጠፋው ሰዉ ነው።»

ቄሱ ዳቧቸውን ቆረሱ። ከውጭ የበዓሉ ከበሮ ይሰማል።

«ለመሆኑ ያ ጠላት የተባለው ምን በድሎት ነው?»

«መሰከረበት።»

«በሐሰት?»

ያረጋል አፉን ከፈተ። ይህች ቃል ሁለት ዓመት ሙሉ በየሄደበት ከምላሱ ሳትወርድ ኖራለች። በገበያ ላይ ቀላል ነበረች። እዚህ፣ ከቤተ መቅደሱ ጎን፣ የመስቀሉ ቅዝቃዜ ገና ግንባሩ ላይ እያለ፣ አልወጣ አለችው። ብሳናውን ያበቀለችው ወፍ ናት፤ ችግኝ ሳለ የአለበል ማረሻ እንዳይነቅለው በሬዎቹን እየመለሰ ያሳለፈው ራሱ ያረጋል ነው። ጥላ ይሆነናል ብሎ።

«በሐሰት አይደለም» አለ በመጨረሻ።

ቄሱ አላፈጠጡበትም። ዳቧቸውን እያዩ «ያ ምስክር በሐሰት ቢምል ኖሮ ዛሬም ወዳጁ ነበር፣ አይደል?» አሉ።

«አዎ።»

«ለወዳጁ ብሎ በሐሰት የሚምል ሰው፣ ነገ ሌላ ወዳጅ ሲያገኝ በአንተ ላይ ይምላል። አለበል በዚያን ቀን ወዳጁን ያጣው ትእዛዝ ጠብቆ ነው። አሁን ተራው የዚያ ሰው ነው።»

«ዛሬ በዓል ነው፣ አባ። ነገ…»

«ነገ ደግሞ እርሻ ነው ትላለኽ። በሬ መመለስ ሥራ አይባልም። ሂድ በል፤ የሠርክ ደወል እኔን አይጠብቅም።»

ቤቱ ሲደርስ ያምሮት ከደጁ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። በረቱን ራሱ ከፈተና ዳልቻን ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ አየው። ከስቷል። ትከሻው ላይ ቀንበር የሚያርፍበት ጠጉር የለሽ ቦታ እንዳለ ነው፤ አንድ ዓመት ክረምት ቆስሎ ያረጋል በገዛ እጁ ቅቤ እየቀባ ያዳነው። በሬው አንገቱን ዘርግቶ እጁን አሸተተውና እንደ ድሮው በሻካራ ምላሱ ላሰው። ያረጋል አለቀሰ። በሬ ፊት ማልቀስ ምንም አያሳፍርም፤ ለማንም አያወራ።

ገመድ አስገብቶ ሳበው። ዳልቻ እስከ ደጁ ደህና መጣና ቆመ። ወደ በረቱ ዞሮ ጮኸ። ያረጋል ጎተተው፣ ገፋው፣ በዱላ ቂጡን ነካ ነካ አደረገው። እስከ ወንዙ መሻገሪያ በግድ ወሰደው፤ እዚያ ሲደርስ ገመዱን ከእጁ አስጥሎ ወደ ጠቋሬ ተመለሰ። ሁለተኛም እንዲሁ ሆነ። ፀሐይዋ እያዘቀዘቀች ነው።

ያምሮት ተነሣች። በረቱን ከፈተችና ጠቋሬን አወጣችው።

«ሁለቱን ውሰድ» አለች። «ያለዚያ አይሄድልኽም።»

«ሰው ምን ይለኛል?»

«ያለውን ይበል!»

በሬዎቹ ወጡ። ማንም ሳይነዳቸው ጠቋሬ ወደ ግራ፣ ዳልቻ ወደ ቀኝ ሆነው፣ ቀንበር እንደተጫነባቸው ሁሉ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ይሄዱ ጀመር። ያረጋል ከኋላ ተከተለ። ጠላ ቤቱ ደጅ ላይ የተሰበሰቡት ሰዎች ዞረው አዩት፤ ወንዳወቅ ብርሌውን ከፍ አድርጎ «አንተ፣ በሚካኤል ልታርስ ነው እንዴ?» ብሎ ጮኸ።

«የሰው በሬ ልመልስ ነው» አለ ያረጋል።

«የማንን?»

ያረጋል ትንሽ ሄደ። ሰዎቹ ሁሉ እያዩት ነው።

«የአያ አለበልን» አለ።

መንገዱ በእማሆይ ወለተ ሐና ማሳ አጠገብ ያልፋል። ከሁለት ዓመት ወዲህ ያረጋል በዚህ ሲያልፍ ፊቱን ያዞር ነበር። ዛሬ አየ። ድንጋዩ ከቦታው አለ። ከድንጋዩ ወዲያ ያሉት ስምንት ፈሮች፣ ከእነሱም ወዲያ ያለው የመነኩሲቷ መሬት ሁሉ፣ አረም ወርሶታል። በሬ የላቸው፣ የሚያርስላቸውም የለ። ድሮ ያረጋልና አለበል የራሳቸውን ሲጨርሱ የእሳቸውንም አርሰው ይመለሱ ነበር፤ መቀናጆው ሲፈርስ ይኼም አብሮ ቀርቶ ኖሯል። በሁለቱ ጠብ የተራበች ሦስተኛ ሰው እንዳለች ያረጋል እስከ ዛሬ ልብ አላለም።

አለበል ከቤቱ ደጅ ዱላውን ተደግፎ ተቀምጦ ነበር። ሁለት በሬ ሲመጣ አይቶ ተነሣ። ሸጋዬ ከቤት ብቅ አለችና «እሰይ! ዳልቻ!» ብላ ሮጠች። ከዚያ ከበሬዎቹ ኋላ የቆመውን ስታይ ፊቷ ተለወጠ።

«ዓይኔ አላየውም አላልኸኝም፣ ጧት?»

«ብየሻለሁ» አለ ያረጋል። «ዓይኔን አዙሬ ነው እንጂ ጧትም እኔው በረት ነበር። ዋሽቸሻለሁ፣ እትየ ሸጋዬ። ይቅር በይኝ።»

ሸጋዬ ወደ ባሏ አየች።

«ከየት አገኘኸው?» አለ አለበል።

«እሱ ነው ያገኘኝ። ቀንጃውን ፍለጋ መጥቶ።»

አለበል ዳልቻን ቀረብ ብሎ ጀርባውን ዳበሰ። እጁ ከዳልቻ አልፎ ጠቋሬ ላይ ሲደርስ ቆየ። «የዚያን ቀን…» ብሎ ጀመረ።

«ተወው።»

«አልተወውም። ሁለት ዓመት ሙሉ አንጀቴ ውስጥ ነው። መስቀሉን ይዤ ሌላ ማለት አልቻልሁም። እኔስ አንተን ማጣት ወድጄ ነው?»

«አውቃለሁ» አለ ያረጋል። «ያኔም አውቅ ነበር፣ አያ አለበል። ክፉ ያደረገኝ ማወቄ ነው።»

አለበል ጋቢውን ወደ ፊቱ ሳብ አድርጎ ዞር አለ፤ ያረጋልም እንዳላየ ሆነ። ይህችኛዋ አለማየት ኃጢአት ያለባት አይመስለኝም።

ከዚያ ያረጋል የራሱን በሬ ይዞ ሊመለስ ጠቋሬን በዱላው ነካ። ጠቋሬ አልተንቀሳቀሰም። ከዳልቻ ጎን እንደተጣበቀ የደጁን ሣር ይነጫል። ያረጋል ዱላውን አነሣና መልሶ አወረደው። ያለ በሬ የሚመለስ ገበሬ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ ቤቱ ያለው ሀብት ሁሉ እዚህ የቆመው ይህ በሬ ነው።

«ይደር» አለ።

«ምን አልኸ?»

«እዚሁ ይደር። ነገ ቀንበሩን ይዤ እመጣለሁ።»

አለበል ኪሱ ውስጥ ስልኩን ፈለገ። «ለሽንዲው ሰውዬ አትምጣ ልበለው እንግዲህ» አለ። «ነገ ከአንተ እንጀምራለን። አምና ተጎድተኻል፣ ሰምቻለሁ። ከአንተ ማሳ እንጀምር።»

የሠርክ ደወል ተደወለ። ሸጋዬ አማተበች። ያረጋል ደወሉ እስኪያበቃ ድረስ ወደ መጣበት ወደ ቁልቁለቱ እያየ ቆመ፤ ያምሮት ይኼን ሰዓት ደጅ ላይ ሆና ደወሉን እንደምትሰማ ያውቃል፣ በምን ልብ እንደምትሰማውም ያውቃል።

«ከእኔ አይደለም» አለ። «ከእማሆይ ወለተ ሐና እንጀምር። ከድንጋዩ ሥር።»